አምስተኛው ዲስክ

አምስተኛውን ሃርድ ዲስክ ልገዛ ስሄድ ሻጩ «ሞላብህ እንዴ?» አለኝ። አልሞላም፤ አራቱም ገና ግማሽ አልደረሱም። «አራት ቁጥር አልሆነልኝም» አልሁት። ደረሰኝ መጻፉን ትቶ ቀና ብሎ አየኝ። «ጠንቋይ ነው እንዲህ ያለህ?»

ሱቁ በር ላይ፣ ዘንባባው ሥር ቆመን፣ ነገሩ ቪዲዮ ከማሳለፍና ከመመለስ ጋር እንደሚያያዝ ላስረዳው ሞከርሁ። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ አላስጨርስ አሉኝ። «ጽፌ አሳይሃለሁ» ብየው ተለያየን። እሱ ባያነበው እንኳ፣ ሌላ የቪዲዮ ሰርቨር የሚተክል ሰው እንደ እኔ ጆሮውን የኮምፒውተር ቆርቆሮ ላይ ለጥፎ ከማምሸት ይድን ይሆናል።

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር መንገድ ገባ ብሎ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ማጠናከሪያ የሚሰጥ ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ልጆቹ ከስልካቸው ያዩት የነበረው ትምህርት ሁሉ አብሮ ጠፋ። መምህራኑ ሰሌዳ ፊት ቆመው ተቀረጹ። እኔ ደግሞ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አራት ዲስክ ገጥሜ፣ በስዊችና በኬብል ከ40 የተማሪ ኮምፒውተሮች ጋር አገናኘሁት። ሰርቨሩ ያለው ደረጃው ሥር ባለች እቃ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ የዘጌ ቡናቸውን በጆንያ እዚያው ያስቀምጣሉ። ሽታው ደስ ይላል፤ ገለባው ግን ማራገቢያውን ጨርሶብኛል።

ስለ ማሳለፍና ስለ መመለስ ያሰብሁት ግን ሰርቨር የሚባል ነገር ከማየቴ ብዙ ዓመት በፊት ነው። አክስቴ በ1980ዎቹ መጨረሻ ግሽ ዓባይ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበራት። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ። የኔ ሥራ ዴኩ ሥር ተቀምጬ የሕዝቡን ድምፅ መስማት ነበር። ድብድቡ ሲያልቅ «መልሰው! መልሰው!» ይላሉ፤ እመልሳለሁ። ወሬው ሲበዛ ከፊት ያሉት «አሳልፈው!» ይላሉ፣ ከኋላ ያሉት «ተው!» ይላሉ፤ ያኔ አክስቴ ትፈርዳለች። ሲያልቅ የ180 ደቂቃውን ካሴት እስከ መጀመሪያው ማጠንጠንም የኔ ዕዳ ነው።

ሥዕሉን ማቆም ግን ክልክል ነበር። «አታቁመው፣ ካሴቱን ይበላዋል!» ትለኛለች። ምክንያቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሥዕሉ ቢቆምም ዴኩ ውስጥ ያለው ከበሮ በደቂቃ 1,500 ጊዜ መዞሩን አይተውም፤ ያችኑ አንዷን የቴፕ ቦታ እየላገ ይቆያል። ብዙ ዴኮች ቆመው ከረሷቸው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸውን የሚያጠፉት ለዚህ ነው።

በዚያ ቤት አንዱ ከቸኮለ ሁሉም ይቸኩላል፤ ጭቅጭቁም እዚያው አክስቴ ፊት ያልቃል። አሁን 40 ልጆች በ40 እጅ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ያሳልፋል፣ ይመልሳል፣ ያቆማል። አንዱ ሌላውን አያይም። ጎረቤቱ ስለቸኮለ የሱ ቪዲዮ መቆሙን የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ ፋይሎቹን እንዳሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ጣልኋቸው። የኤምፒ4 ፋይል የትኛው ሰከንድ የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለው፤ ሙቭ ይሉታል። የሚጻፈው ቀረጻው ሲያልቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የፋይሉ ጅራት ላይ ነው የሚቀመጠው። ማጫወቻው ታዲያ ገና ሳይጀምር ጅራቱን ፍለጋ ይሄዳል። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ወደ ራስጌ ማምጣት የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው፤ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ስቀያይር ውያለሁ። ከመካከል ለመጀመር ደግሞ ሰርቨሩ ፋይሉን ቆርሶ መስጠት መቻል አለበት። ሲችል መዝገቡ ላይ፣ ሙሉ ፋይል ሲሰጥ 200 በሚጻፍበት ቦታ፣ 206 ይጻፋል። ያን ሰሞን 206 ባየሁ ቁጥር ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ «10 ሰከንድ መልስ» የምትለዋ ቁልፍ አመመችኝ። አንዷ ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ ስመልሰው ወይ ይዞራል፣ ወይ ያላልሁት ቦታ ይወስደኛል» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ፤ እውነቷን ነው።

የተጨመቀ ቪዲዮ ሁሉንም ሥዕል ሙሉ አድርጎ አይዝም። አንድ ሙሉ ሥዕል ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ ያሉትን «እንደ ቅድሙ ነው፣ ጠመኔው ብቻ ወደ ቀኝ ሄዷል» እያለ በልዩነት ይጽፋቸዋል። ልዩነቱ ብቻውን ምንም አያሳይም። ስለዚህ ልጅቷ ከመካከል ስትገባ፣ ማጫወቻው ከኋላዋ ያለውን ሙሉ ሥዕል ፈልጎ ከዚያ ጀምሮ መቁጠር ግድ ይሆንበታል። የጨመቅሁበት ፕሮግራም፣ ኤክስ264፣ ካልነገሩት በቀር በሁለት ሙሉ ሥዕሎች መካከል እስከ 250 ፍሬም፣ ማለት 250 ነጠላ ሥዕል፣ ይሄዳል። በሰከንድ 25 ፍሬም ስንቀርጽ ይህ 10 ሰከንድ ነው። ፊልም ቢሆን ትዕይንቱ በተቀየረ ቁጥር ራሱ ሙሉ ሥዕል ጣል ያደርጋል። የኛ የሒሳብ መምህር ግን ሰሌዳው ፊት እንደ ሐውልት ነው የሚቆመው። ለአንድ ሰዓት የሚንቀሳቀሰው ክንዱ ብቻ ነው፤ የሚቀየር ትዕይንት የለም። በፊልም የማይታወቀው ችግር በትምህርት ቪዲዮ ላይ አፍጥጦ የሚወጣው በዚህ ነው።

250ን ወደ 25 አወረድሁት፤ በየሰከንዱ አንድ ሙሉ ሥዕል። ፋይሎቹ አበጡ። በሰሌዳ ቪዲዮ ልዩነቱ ኢምንት፣ ሙሉው ሥዕል ደግሞ ከባድ ስለሆነ ጭማሪው ከፊልም ይልቅ ይሰማል። ቦታ ግን ነበረኝ፤ ከፈልሁ። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ቁልፍ አልተናገረችም።

እስከዚህ ያለው በየመመሪያው ተጽፎ የሚገኝ ነው። የራሴ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንዱ ዲስክ ሲያቃስት ሌሎቹ ሥራ እንዳይፈቱ ብየ እያንዳንዱን ትምህርት አንድ አንድ ሰከንድ ላይ ቆራርሼ፣ ቁራሾቹን እንደ ካርታ በአራቱ ዲስኮች አደልኋቸው። የመጀመሪያው ሰከንድ አንደኛው ላይ፣ ሁለተኛው ሁለተኛው ላይ፣ አምስተኛው ተመልሶ አንደኛው ላይ። ቀጥ ብሎ ለሚያይ ሰው የሚያምር አሠራር ነው፤ ሁሉም ዲስክ በተራው ይጎርሳል።

ለማሳለፊያው ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው በ8 እጥፍ ፍጥነት ሁሉንም ማንበብ ነው። 40 ልጅ በ8 ሲባዛ በሰከንድ 320 ቁራሽ ይመጣል። አሁን ዲስክ እንዴት እንደሚያነብ እንይ። የኔዎቹ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞሩ ናቸው፤ አንድ ዙር 8 ነጥብ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የሚፈለገው ቦታ ከሚያነበው ክንድ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ 4 ሚሊሰከንድ በሉት። ክንዱ ራሱ ወደ ቦታው ለመድረስ 9 ያህል ይወስድበታል። ድምሩ 13። ቁራሿ 250 ኪሎባይት ናት፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ለሚያነብ ዲስክ 2 ነጥብ 5 ሚሊሰከንድ ብቻ። ልብ በሉ፤ ከ15 ነጥብ 5ቱ ውስጥ 13ቱ መንገድ ነው። ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ ሄዶ ፏፏቴውን አምስት ደቂቃ አይቶ እንደ መመለስ ያለ። በዚህ ሒሳብ አንድ ዲስክ በሰከንድ 64 ቁራሽ ይሰጣል፣ አራቱ 256። 320 አይገባም።

ቁራሹን አራት ሰከንድ ባደርገው መንገዱ ለአራት ይካፈል ነበር። ቀጥ ብለው የሚያዩ ልጆች ቢሆኑ ያ ይሻላል። የኛዎቹ ግን አያዩም፤ ይዘላሉ። በዘለሉ ቁጥር የተነበበው ትልቅ ቁራሽ ሳይበላ ይደፋል። ትንሽ ቁራሽ መረጥሁ፤ በዚህ ዛሬም አልጸጸትም።

ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ ያዝሁ፤ መዝለል። ለ8 እጥፍ ከአራት ቁራሽ አንዷን አንስቶ በግማሽ ሰከንድ ማሳየት። አንድ ልጅ በሰከንድ ሁለት ቁራሽ ብቻ ይፈልጋል፣ 40ው 80። አራት ዲስክ 256 ይችላል ብለናል። ትርፍ በትርፍ ነው ብየ ተኛሁ።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ያለው ሳምንት ቤቱ ጢም ይላል። አንድ ማታ የሒሳብ መምህሩ «ሁላችሁም ያልገባችሁን ምዕራፍ ክፈቱ። መግቢያውን በ8 አሳልፉና ጥያቄዎቹ ላይ ቁሙ» አላቸው። 40 ልጅ፣ የተለያየ ምዕራፍ፣ አንድ ቁልፍ። ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ያች ክብ መዞር ጀመረች። «ጋሼ፣ ቀጥ አለ!» «የኔም!» መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ ምንም ሳይናገር ጠመኔውን አስቀመጠ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እቃ ቤቷ ገባሁ። ትንኙ ከሐይቁ የመጣ ሁሉ እዚያ ያደረ ይመስላል። ሰርቨሩ ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ለየዲስኩ አንድ። የአንደኛው ያለማቋረጥ ይነዳል። ሦስቱ ጭልጭል ብለው ዝም። ጆሮየን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍሁ፤ ውስጡ እትዬ ለበዓል ጎመን የሚከትፉ ይመስላል። አንዱ ዲስክ ሊሞት ነው ብየ ደነገጥሁ። ለልጆቹ በ1 እጥፍ ብቻ እንዲያዩ ነግሬ ሳየው ጸጥ አለ፤ አራቱም መብራት በየተራ ጥቅስ ጥቅስ። ዲስኩ ጤነኛ ነበር።

ጆንያው ላይ ቁጭ ብየ በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍሁት። ቁራሽ 1፣ 5፣ 9፣ 13። ዲስክ አንደኛ፣ አንደኛ፣ አንደኛ፣ አንደኛ።

በአራት በአራት እየዘለልሁ፣ በአራት ዲስክ ላይ! እግሬ ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚያው ደረጃ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሁሉንም ትምህርት ከአንደኛው ዲስክ ነው ማደል የጀመርሁት፤ ልጆቹም ሁሉም ከመጀመሪያው ነው የተነሡት። 80ው ጥያቄ በሙሉ 64 በሚችለው በአንዱ ላይ ተጫነ፣ ሦስቱ እጃቸውን አጣጥፈው አዩት። ዲስክ መጨመር ብቻውን አይበቃም። ስምንት ዲስክ እንኳ ባደርግ በአራት ስዘል የሚነኩት ሁለት ብቻ ናቸው።

አምስት ሲሆን ግን፦ ቁራሽ 1 አንደኛው ላይ፣ 5 አምስተኛው፣ 9 አራተኛው፣ 13 ሦስተኛው፣ 17 ሁለተኛው፣ 21 ተመልሶ አንደኛው። ሁሉም ይዳረሳል፤ ለየዲስኩ 16 ጥያቄ። ለ4 እጥፍ በሁለት ብዘል፣ ለ16 እጥፍ በስምንት ብዘል፣ አምስት ላይ ያው ነው፤ የጋራ አካፋይ የላቸውም። ወደ ኋላ ቢሆንም አይለወጥም። መምህሩ ነገሩን ስነግረው «ይኼማ የ9ኛ ክፍል ነው» አለኝ። አዎ፤ የ9ኛ ክፍል ነው።

በኋላ ስፈልግ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ሦስት የአይቢኤም ተመራማሪዎች ይህንኑ በብዙ ዲስክ ላይ የሚጫወት ቪዲዮ አሳልፎ የማየት ጉዳይ አንሥተው፣ ሲዘለል ጭነቱ በዲስኮቹ ላይ እኩል እንዲያርፍ ቁራሹ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚቀመጥ ጽፈው አገኘሁት። እኔ መዳፌ ላይ ከማግኘቴ ሠላሳ ዓመት ቀድመው ማለት ነው። ያ ዓመት ለዚህ ነገር የጥድፊያ ዓመት ነበር። በዲሴምበር 1994 አሜሪካ፣ ኦርላንዶ ከተማ፣ ታይም ዋርነር ሰው ቤቱ ሆኖ ፊልም የሚመርጥበትን፣ እንደ ዴክ የሚያቆምና የሚመልስበትን አገልግሎት ለሙከራ ከፍቶ ነበር። በ1997 ተዘጋ። አክስቴ ያኔ ግሽ ዓባይ ላይ በአንድ ዴክ ትሠራ ነበር፤ ትርፏም ደኅና ነበር።

አምስተኛውን ዲስክ ከገጠምሁ በኋላ ቁራሾቹን ሁሉ እንደገና ማደል ነበረብኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ጮኸ፣ እኔም ጮህሁ። የታደለውን እየመዘገበ የሚሄድ ፕሮግራም ስለጻፍሁ ካቆመበት ቀጠለ። ሳልጽፈው ልተኛ ነበር እኮ! አሁን ትምህርቶቹንም ከተለያየ ዲስክ ነው የማስጀምራቸው። ይህን ቀድሜ ባደርግ ያን ማታ ያን ያህል አልዋረድም ነበር።

ዲስኩ ሲተነፍስ የቀረው ሸክም ከየት እንደሚመጣ ታየኝ። መዝገቡን ሳገላብጥ ብዙው ጥያቄ ሰው ጭራሽ ያላየው ነው። ልጆቹ መስመሯን በጣታቸው ሲጎትቱ በየመንገዱ ያለው ሰከንድ ሁሉ ይጠየቃል፤ ሰርቨሩ ታማኝ ሆኖ ለተተወ ጥያቄ ክንዱን ይልካል። ጣቱ እስኪያርፍ እንዲጠብቅ አደረግሁት፤ የሰከንድ ሢሶ ያህል ብቻ። ሲጎትቱ ባዶ እንዳይሆንባቸው በየ10 ሰከንዱ የተነሡ ትንንሽ ሥዕሎችን በአንድ ሉህ አድርጌ ትምህርቱ ሲከፈት አብሬ እልካለሁ፤ ሰሌዳው ሲሞላና ሲጠፋ በዚያ ይታያቸዋል። መመለስ ላይ ደግሞ የሚበዛው አጭር ነው፤ «ምን አለ?» የሚባል ዓይነት። ያን ሰርቨሩን መጠየቅ አያስፈልግም። የተማሪው ኮምፒውተር ያለፈውን 60 ሰከንድ ሳይጥል እንዲያቆይ አደረግሁት።

ማቆም ቀላል ይመስላል። ያቆመ ልጅ ምንም አያነብም፤ ግን በዲስኩ ወረፋ ላይ ያለው ቦታ ምን ይሁን? ቦታውን ለሌላ ብሰጥበት፣ ስሌቱን ደብተሩ ላይ ጨርሶ ሲመለስ ተራ ይጠብቃል። ባልሰጥበት፣ ግማሹ ቤት አቁሞ ሲጽፍ ዲስኩ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። በተለይ ሁለት ልጆች አንዱን ትምህርት ተከታትለው ሲያዩ የፊተኛው ያነበበው የሰርቨሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ላይ ስላለ ኋለኛው ዲስክ ሳይነካ ይጓዛል። ፊተኛው ካቆመ ኋለኛው ይደርስበታል፤ ኋለኛው ብዙ ካቆመ ግን ክፍተቱ ሰፍቶ ማስታወሻው አይበቃውም፣ ወደ ዲስኩ ይመለሳል። እኔ ለአምስት ደቂቃ ቦታውን እጠብቅለታለሁ፤ ከዚያ በኋላ እለቅበታለሁ። አምስትን ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ ከአክስቴ ዴክ ነው።

«ለምን ኤስኤስዲ አትገዛም?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። የማይዞር ዲስክ ነው፤ ክንድ የለውም፣ ጎመን አይከትፍም፤ ልክ ነው። ዋጋውን ለሥራ አስኪያጁ እሱ ይንገርልኝ። አንድ ትንሽ አለኝ፤ እያንዳንዱ ልጅ የት እንደደረሰ በየ15 ሰከንዱ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ካቆመበት ይነሣል፤ ከትምህርቱ ጥራት ይልቅ ለዚህ ነው የሚያመሰግኑኝ።

16 እጥፍ አሁንም ይንገጫገጫል። ከስምንት ሰከንድ አንዷን እያዩ ሌላ ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱ ለማሳለፊያ ብቻ ሙሉ ሥዕሎችን ለቅሞ ሌላ ፋይል ማዘጋጀት ነው። ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ሲሻገር ትክክለኛዋ ሰከንድ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ግን ሥራ አለው። ልጆቹ ለፈተና ሲገቡ እሞክረዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለማራገቢያ ሱቁ ጎራ አልሁ። ሻጩ አልረሳኝም። «ስድስተኛውን ላምጣልህ?»

«ስድስት አይሆንም፣» አልሁት። «በአራት ስዘል ሦስቱን ይዘላቸዋል። ሰባት ካደረግኸው ሁለቱን በአንድ ዋጋ እወስዳለሁ።»

ማራገቢያውን ብቻ ሸጠልኝ።